ከግድግዳው በፊት ወረቀቱ ይታይ
ለመጀመሪያ ጊዜ ቤት ለሚገዙ ነዋሪዎችና ለሚመክሯቸው ሁሉ



እንደሚታወቀው ለሰው ልጅ ከምግብና ከልብስ ቀጥሎ የሚያስፈልገው መጠለያ ነው። በሰፈራችን በኪራይ የሚኖረው ቤተሰብ ቁጥሩ ቀላል አይደለም። ከእነዚህም መካከል ዕቁብ ጥለው፣ ከደመወዛቸው ቆጥበው፣ ውጭ አገር ካለ ዘመድ ተበድረው የመጀመሪያ ቤታቸውን ለመግዛት የሚሯሯጡ ወጣት ባለትዳሮች አሉ። ጥረታቸው የሚያስመሰግን ነው። ነገር ግን የብዙ ዓመት ላብ በአንድ ቀን ፊርማ የሚጠፋበት ጊዜ ስላለ፣ በዚህ ሰሌዳ ላይ ጥቂት ምክር መስጠቱን ተገቢ ሆኖ አግኝተነዋል።

ሐሳባችን ባጭሩ የሚከተለው ነው። ቤት ገዢን አብዝቶ የሚጎዳው የገንዘቡ ማነስ ሳይሆን ችኮላው ነው። ገዢ ቤት ሊያይ ሲሄድ ዓይኑ የሚያርፈው በሳሎኑ ስፋት፣ በሴራሚኩና በቀለሙ ላይ ነው። እኛ ግን መጀመሪያ ወረቀቱ ይታይ፣ ቀጥሎ ጎረቤቱ ይጠየቅ፣ ግድግዳው በመጨረሻ ይታይ እንላለን። ይህ ደግሞ የገዢው ብቻ ሳይሆን የኛ የጎረቤቶችም ጉዳይ መሆኑን ከዚህ በታች እንገልጻለን።

ችኮላው ከየት ይመጣል?

አንደኛው ምንጭ ኪራይ ነው። አከራይ ዋጋ ሲጨምር፣ ልጆች ሲንጫጩም ፊቱን ሲያጠቁር፣ ተከራይ «ምነው የራሴ ጎጆ በኖረኝ» ቢል አይፈረድበትም። ሆኖም ኪራይ መርሮት ያገኘውን ሁሉ የሚገዛ ሰው ነገ ገንዘቡንም ቤቱንም አጥቶ ወደዚያው ኪራይ ሊመለስ ይችላል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይባል። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የኪራይ ውል በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብ፣ ዘመኑም ከ2 ዓመት እንዳያንስ ያዛል፤ አከራዩም ባሻው ጊዜና ባሻው መጠን ዋጋ እንዳይጨምር ይከለክላል። እንግዲህ ውሉን በወጉ አስመዝግቦ የያዘ ተከራይ ቢያንስ የማሰቢያ ጊዜ አለው ማለት ነው። ይህን ጊዜ ይጠቀምበት።

ሁለተኛው ምንጭ ደላላ ነው። ደላላን መስደባችን አይደለም፤ እንጀራው ነው። ግን ደላላ ገንዘብ የሚያገኘው ሽያጩ ሲፈጸም ብቻ መሆኑ አይረሳ። «ሌላ ገዢ አለ፣ ነገ ጠዋት ይመጣል፣ ዛሬ ቀብድ ጣልበት» ሲል እውነት ሊሆን ይችላል፤ ላይሆንም ይችላል። እውነት ቢሆን እንኳ መልሱ «ይምጣ» ነው። አንድ ቤት ቢያመልጥ ሌላ ይገኛል። ያመለጠ ገንዘብ ግን እንዲህ በቀላሉ አይገኝም።

ሦስተኛው ምንጭ የዋጋ መናር ነው። «ዛሬ ካልገዛሁ ነገ አልደርስበትም» የሚለው ስጋት ከንቱ አይደለም። ቢሆንም ዋጋ ሲጨምር አቅም ያጠረው ሰው አነስ ያለች ቤት፣ ወይም ራቅ ያለ ሰፈር ሊመርጥ ይችላል። ወረቀት የሌለው ቤት ግን ምንም ያህል በርካሽ ቢገዛ ውድ ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የተባለውም ለዚህ ነው፤ ልዩነቱ የፈሰሰ ገንዘብ እንደ እህል ተለቅሞ አለማለቁ ነው።

የሚሸጠው ምንድን ነው?

በአገራችን ቤት ገዛ ማለት መሬት ገዛ ማለት አይደለም። በሐምሌ ወር 1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት መሆኑን ትልልቆቻችን ያስታውሱታል። በ1987 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑን፣ የማይሸጥ የማይለወጥ መሆኑንም ደንግጓል። ስለዚህ የሚሸጠው በቦታው ላይ ያለው ቤትና ከሱ ጋር የሚተላለፈው የይዞታ መብት ነው። መብቱ ከሌለ የተገዛው ቆርቆሮና እንጨት ብቻ ነው፤ እሱም አፍራሽ እስኪመጣ ድረስ።

ለሽያጭ የሚቀርቡት ቤቶች ዓይነታቸው የተለያየ ስለሆነ ገዢ የትኛው እንደሆነ አስቀድሞ ይለይ።

ሀ) ነባር ይዞታ። ከሊዝ ሥርዓት በፊት የተያዘ ቦታ ላይ ያለ ቤት ነው። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721/2004 ነባር ይዞታ ከውርስ በቀር በሌላ መንገድ ሲተላለፍ ወደ ሊዝ እንዲገባ ደንግጓል። ስለሆነም ገዢ ስሙ ሲዛወር ምን እንደሚጠየቅ ከመፈረሙ በፊት ከመሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ይረዳ።

ለ) የሊዝ ይዞታ። አዋጁ ለመኖሪያ ቤት የወሰነው ዘመን 99 ዓመት ነው። ገዢ ስንት ዓመት እንደቀረ፣ የሊዙ ክፍያ ምን ያህሉ እንደተከፈለና ውዝፍ ዕዳ መኖር አለመኖሩን ይጠይቅ። ያልተከፈለው ዕዳ ከቤቱ ጋር እንደሚመጣ ይወቅ።

ሐ) ኮንዶሚኒየም። ጀሞም ሆነ ሰሚት፣ የካ አባዶም ሆነ ቦሌ አራብሳ፣ በዕጣ የተገኘ ቤት እስከ 5 ዓመት ድረስ እንዳይሸጥ ክልከላ ተጥሎበታል። «አሁን ገንዘቡን ስጠኝ፣ አምስት ዓመቱ ሲሞላ ስሙን አዞርልሃለሁ» የሚል ሻጭ የሚሸጠው ተስፋ ነው። በመካከሉ ቢሞት፣ ቢፋታ ወይም ዋጋው ሲንር ሐሳቡን ቢለውጥ ገዢው ምን ይዞ ይከራከራል? ከዚህም ሌላ የባንክ ብድር ያላለቀበት ቤት ለባንኩ መያዣ ስለሆነ፣ የቀረው ዕዳ በባንኩ ደብዳቤ ይረጋገጥ።

መ) የቀበሌ ቤት። ይህ የመንግሥት ነው። ተከራዩ «የቁልፍ» ብሎ ገንዘብ ቢቀበል የሸጠው የሱ ያልሆነውን ነው። በዚህ ላይ ክርክር አያሻም።

ሠ) ጨረቃ ቤትና ከገበሬ የተገዛ ቦታ። በከተማው ዳር ዳር «ሕጋዊ ሊደረግ ነው» እየተባለ የሚሸጠው ይህ ነው። ርካሽ የሆነበትም ምክንያት ይኸው ነው። ካሳ የሚከፈለው ሕጋዊ ይዞታ ላለው መሆኑን ያልሰማ ካለ ይስማ።

ረ) ገና ያልተሠራ አፓርታማ። በሥዕል የሚሸጥ ቤት ነው። ቦታው በማን ስም እንደሆነ፣ የግንባታ ፈቃዱ ለስንት ፎቅ እንደተሰጠ፣ ሥራው የት እንደደረሰ በእግር ሄዶ ማየት ያስፈልጋል። ክፍያው ሥራው በደረሰበት ልክ እንጂ በቀን መቁጠሪያ ብቻ እንዳይሆን፣ የርክክቡ ቀንና ቢዘገይ የሚከፈለው መቀጫም በውሉ ውስጥ በቁጥር እንዲጻፍ ይደረግ።

ወረቀቱ ላይ ምን ይታይ?

ሻጭ ካርታውን በፌስታል ይዞ መጥቶ ማሳየቱ ብቻ በቂ አይደለም። የሚያየው ዓይን ያስፈልጋል። በተለይ የሚከተሉትን ማጣራት ይገባል።

1ኛ/ በካርታው ላይ ያለው ስምና በሻጩ መታወቂያ ላይ ያለው ስም እስከ አያት ድረስ አንድ ይሁን። የቦታው ስፋትም መሬት ላይ ተለክቶ ከካርታው ጋር ይመሳከር። አጥሩ ወደ መንገድ የወጣ ወይም ወደ ጎረቤት የገባ ከሆነ ነገ ከሳሽ የሚመጣው በገዢው ላይ ነው።

2ኛ/ ቤቱ ከዕዳና ከእገዳ ነጻ መሆኑ ካርታውን ከሰጠው ክፍል በቀጥታ ይጣራ። ሻጩ ያመጣው ፎቶ ኮፒ ማስረጃ አይሆንም። በፍርድ ቤት የታገደ ወይም በባንክ የተያዘ ቤት ከውጭ ሲታይ ከሌላው ቤት በምንም አይለይም።

3ኛ/ ሻጩ ባለትዳር ከሆነ ሁለቱም ይፈርሙ። የ1992 ዓ.ም. የቤተሰብ ሕግ በአንቀጽ 68 የጋራ የሆነ የማይንቀሳቀስ ንብረት ያለ ሁለቱ ስምምነት እንዳይሸጥ ያዛል። «ባለቤቴ አገር ቤት ሄዳለች፣ ስትመጣ ትፈርማለች» ከተባለ፣ መልካም፣ እሷ ስትመጣ ገንዘቡም ይመጣል።

4ኛ/ ቤቱ የውርስ ከሆነ ወራሾቹ ስንት እንደሆኑ በፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃ ይታወቅ፤ ሁሉም ይስማሙ። ከአምስት ልጆች አራቱ ፈርመው አንዱ ያልፈረመበት ቤት ክርክር የተንጠለጠለበት ቤት ነው።

5ኛ/ የሚሸጠው ወኪል ከሆነ ውክልናው ለመሸጥ ተብሎ በግልጽ የተሰጠ ይሁን። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2205 የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ ልዩ ውክልና ይጠይቃል። ወካዩ በሕይወት መኖሩ፣ ውክልናውም አለመሻሩ በፊርማው ሰሞን ይጣራ።

6ኛ/ ቦታው በከተማው ፕላን ላይ ለምን እንደታሰበ ይጠየቅ። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ የኮሪደር ልማት ሥራ በፒያሳ፣ ከዚያም በካዛንቺስና በሌሎች ሰፈሮች ሲካሄድ ሁላችንም አይተናል። መንገድ ሊያልፍበት የታቀደ ቦታ ላይ ያለ ቤትም ገበያ ላይ ይወጣል፤ እንዲያውም ቶሎ ቶሎ የሚወጣው እሱ ነው።

ስለ ውሉ

በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ይባላል። ቤት ሲሸጥ ግን ጽሑፉ ብቻውን አይበቃም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም በውል አዋዋይ ፊት እንዲመዘገብ ያዛል። ከተሜው «ውልና ማስረጃ» የሚለው መሥሪያ ቤት የቆመው ለዚህ ነው። እንግዲህ በሦስት ምስክርና በአንድ ሽማግሌ ፊት በሰው ቤት ተጽፎ የሚፈረመው የመንደር ውል፣ ምርቃቱ የቱን ያህል ቢያምር፣ ቤቱን ለገዢው አያስተላልፍም። ውልና ማስረጃ ዘንድ ከተፈረመም በኋላ ነገሩ አላለቀም። ስመ ሀብቱ ተዛውሮ አዲስ ካርታ በገዢው ስም እስኪወጣ ድረስ «ገዛሁ» ብሎ ድግስ መደገስ አይገባም።

ቀብድን በተመለከተ፣ በሕጉ አንቀጽ 1885 መሠረት ሌላ ስምምነት ከሌለ ቀብድ ሰጪ ሐሳቡን ቢለውጥ ቀብዱን ያጣል፤ ተቀባዩ ቢለውጥ ደግሞ እጥፍ ይመልሳል። ስለዚህ ቀብድ ለመያዣ ያህል ትንሽ ይሁን፤ ወረቀቱ ከመጣራቱ በፊት ደግሞ ጭራሽ አይሰጥ። ክፍያውም በባንክ በኩል ይሁን። በጥቁር ፌስታል የተቆጠረ ገንዘብ ምስክሩ ፌስታሉ ብቻ ነው።

አሁን ሁሉም የሚያውቀውን፣ ማንም ግን ጮክ ብሎ የማይናገረውን እናንሳ። ለግብርና ለቴምብር ቀረጥ እንዲቀንስ ተብሎ ከእውነተኛው ያነሰ ዋጋ በውሉ ላይ የሚጻፍበት ልማድ አለ። ይህ መንግሥትን ማታለል መሆኑ እንዳለ ሆኖ፣ ራሱን ገዢውን እንዴት እንደሚጎዳው እንይ። ቤቱ የተሸጠው 6 ሚሊዮን ብር ነው፣ በውሉ ላይ የሰፈረው ግን 2 ሚሊዮን ነው እንበል። ነገ ሦስተኛ ወገን ተነሥቶ ውሉ ቢፈርስ ገዢው ገንዘቡን ይመለስልኝ ሲል በእጁ ያለው ወረቀት 2 ሚሊዮን ይላል። የቀረው 4 ሚሊዮን በሻጩ ሕሊና ላይ የተመሠረተ ነው። ሕሊና ደግሞ ውልና ማስረጃ አይመዘገብም። ስለሆነም እውነተኛው ዋጋ ይጻፍ፤ ግብሩንና የስም ማዛወሪያውን የትኛው ወገን እንደሚከፍል ውሉ ውስጥ ይግባ፤ በዋጋ ድርድሩም ጊዜ ይታሰብበት።

ገንዘቡ የማን ነው?

ብዙው የመጀመሪያ ቤት የሚገዛው በአንድ ሰው ገንዘብ አይደለም። እህት ዱባይ ወይም ሪያድ ሠርታ ትልካለች፣ ወንድም አሜሪካ ሆኖ ያግዛል፣ እናት የዕቁቧን ትሰጣለች። ቤቱ ግን በአንዱ ስም ይጻፋል። መተማመኑ ደስ ይላል። ሆኖም ላኪዋ ከዓመታት በኋላ ተመልሳ «ቤቴ» ስትል፣ ወንድም ደግሞ አግብቶ ወልዶ «ቤቴ» ሲል፣ ሁለቱም እውነት አላቸው፤ ወረቀቱ ግን አንድ ስም ብቻ ነው ያለው። ብድር ከሆነ ብድር ተብሎ ይጻፍ፤ ስጦታ ከሆነ ስጦታ ይባል፤ የጋራ ከሆነ የሁለቱም ስም ይግባ። ባሕር ማዶ ያለ ሰው በኢትዮጵያ ኤምባሲ በኩል ውክልና መላክ ይችላል። ይህን ማድረግ ዘመድን መጠራጠር ሳይሆን ዝምድናን መጠበቅ ነው።

ሌላው ነገር፣ ያለውን ገንዘብ በሙሉ ለቤቱ ዋጋ ማዋል አይገባም። የደላላው ድርሻ፣ ቀረጡ፣ የስም ማዛወሪያው፣ ዕቃ ማጓጓዣው፣ የሚያፈሰው ጣራ፣ የሚቀየረው ቁልፍ ሁሉ ከዚያው ኪስ ነው የሚወጣው። ቤት ገዝቶ ለሮቶ መግዣ ያጣ ሰው መጀመሪያ የሚበደረው ከጎረቤት ነው።

ጎረቤቱ ምን ያውቃል?

ወረቀቱ ደህና ከሆነ ጎረቤት ይጠየቅ። በክረምት ጎርፍ ይገባል ወይ? ቦዩ ይሞላል ወይ? ውሃ በሳምንት ስንት ቀን ይመጣል? መብራቱ የራሱ ቆጣሪ አለው ወይስ ከአከራይ የተጠለፈ ነው? የፍሳሹ መስመር ከዋናው ጋር ተገናኝቷል ወይስ ጉድጓድ ነው፣ ጉድጓዱስ ሲሞላ መኪና ይገባለታል? ሻጩ ከወንድሞቹ ጋር ክስ አለው ወይ? እነዚህን ሁሉ ካርታው አይናገርም፤ ማዶ ያለችው ባለ ሱቅ ግን ታውቃቸዋለች።

ግድግዳውንም ሲያዩ ከቀለሙ በታች ይታይ። በቦሌና በአቃቂ በኩል ዋልካ አፈር በብዛት አለ፤ በዝናብ ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፣ መሠረቱ ካልጠለቀም ቤቱን ይዞት ይሰነጠቃል። በሩና መስኮቱ አጠገብ በሰያፍ የሄደ ስንጥቅ፣ ገጥሞ የማይዘጋ በር፣ እርጥበት የጠጣ የግድግዳ ሥር ካለ ግንበኛ ወይም መሐንዲስ ይጠራ። ቤት ቢቻል በሐምሌና በነሐሴ ይታይ። በታኅሣሥ ፀሐይ የማያምር ቤት የለም።

የኛስ ድርሻ?

እስካሁን ገዢውን መከርን፤ አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ። አንድ እንግዳ ሰው በራችንን አንኳኩቶ «ይህ ቤት እንዴት ነው?» ብሎ ሲጠይቀን ብዙዎቻችን «ደህና ነው» ብለን በሩን እንዘጋለን። ሻጩ ዕድርተኛችን ነው፤ ገበያውን ማበላሸት አንፈልግም። ይሉኝታ ይዞናል። ነገር ግን ያ እንግዳ ነገ ጎረቤታችን ነው፤ ልጆቹ ከልጆቻችን ጋር ይጫወታሉ፣ ሐዘናችን ላይ ይቀመጣል። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት እያልን፣ ጎረቤት ሊሆን የመጣን ሰው በዝምታ ገደል መስደድ ምን ይባላል?

ስም ይጥፋ፣ ሐሜት ይነገር ማለታችን አይደለም። የሚታወቅ ክስ ካለ «ፍርድ ቤት ያለ ጉዳይ አለ፣ አጣራ» ማለት በቂ ነው። ጎርፍ የሚገባ ከሆነ «ክረምት ላይ መጥተህ እይ» ማለት ሐሜት አይደለም። እንዲሁም በሰፈራችን የምትከበሩ አባቶች፣ ወረቀት ለሌለው ቤት በመንደር ውል ላይ ምስክር ሁኑ ስትባሉ እንቢ በሉ። የናንተ ፊርማ ውሉን ሕጋዊ አያደርገውም፤ ገዢውን ግን ያዘናጋዋል። «እነ አባባ ፈርመውበት ምን ይሆናል» ብሎ ገንዘቡን የሚያወጣው ስማችሁን አምኖ ነው።

በመጨረሻም አንድ ሐሳብ እናቀርባለን። በመካከላችን በፍርድ ቤት፣ በባንክና በግንባታ ሥራ የኖሩ፣ አሁን ጡረታ የወጡም ያልወጡም ነዋሪዎች አሉ። በወር አንድ ጊዜ በዕድሩ ስብሰባ ዕለት፣ ስብሰባው ካለቀ በኋላ አንድ ሰዓት ያህል ቢቆዩልን፣ ቤት ሊገዛ ያሰበ የሰፈር ልጅ የተሰጠውን ወረቀት ቅጂ ይዞ መጥቶ ሊያሳያቸው ይችላል። ጠበቃን አይተካም፤ ግን የትኛው ጥያቄ ለጠበቃ መቅረብ እንዳለበት ያሳያል። ወጪውም አንድ ጀበና ቡና ነው። በዚህ የምትስማሙ ለመተባበር ፈቃደኛ የሆናችሁ ስማችሁን ለማኅበሩ ጸሐፊ እንድታስመዘግቡ በአክብሮት እንጠይቃለን።

ቤት ለመግዛት ደፋ ቀና ለምትሉ ሁሉ ያሰባችሁት ይሳካ እንላለን። እስከዚያው ግን ካርታው ሳይጣራ ቀብድ እንዳትሰጡ አደራ።